የጠዋቱ ቁጥር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ጋሽ ታደሰ እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ ሁለት ቁራጭ ሽቦ ነበር፤ አንዱ መዳብ፣ ሌላው ኮንስታንታን የሚሉት ነጣ ያለ ቅይጥ። አንዱን ጫፍ ከአንዱ ጋር በፒንሳ ጠመዘዝኩ። እሳቸው የቀሩትን ጫፎች መልቲሜትር ላይ አሰሩና ሻማ ለኮሱ። "በይ፣ መጋጠሚያውን አሙቂው" አሉኝ። አሞቅሁት። ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

"ኧረ በሞቴ! ባትሪው የታለ?" ብዬ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ታደሰ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። "ባትሪው ሙቀቱ ነው፤ እዚህ ቤት የምንለካው ይኸንን ነው" አሉ። ያኔ ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ሥራ ተመርቄ የወጣሁ፣ ቆጣሪና ፊውዝ የለመድኩ የቤት መስመር ዘርጊ ነበርኩ። ለኔ ኤሌክትሪክ ማለት የነካውን የሚያስፈነጥር ነገር ነበር። ሻማ ይወልደዋል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የተቀጠርኩት አሶሳ ዳር ባለ አንድ አነስተኛ የቁስ ምርምር ማዕከል፣ በረዳት ቴክኒሻንነት ነው። አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቶ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ማሽላና ማንጎ የሚያለማ ገበሬ ነው። ቅዳሜ ቤት ሄጄ ሥራዬን ሳስረዳው፣ ሙቀት ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚወልድ እለካለሁ ስለው፣ ማንጎ እየላጠ ሰማኝ። ከዚያ "ሙቀትማ እዚህ አገር ሞልቷል። ታዲያ መብራቱ ለምን ይጠፋል?" አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የሚለካው ዕቃ ዱቄት ተጨምቆ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ትንሽ ክብ ነገር ነው፤ እኛ ክኒን እንለዋለን። ክኒኑ በሁለት የመዳብ ቁራጮች መካከል ይታሰራል። አንዱን ጎን በትንሽ ማሞቂያ እናሞቃለን፣ ሌላውን እንተወዋለን። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት እናነባለን፤ ክኒኑ የወለደውን ቮልቴጅም እናነባለን። ቮልቴጁን ለልዩነቱ ስናካፍል የሚወጣው ቁጥር የዚያ ዕቃ ጠባይ ነው።

ቁጥሩ የሚነገረው በማይክሮቮልት ነው። ማይክሮቮልት ማለት አንድ ቮልት ለሚሊዮን ሰው ተካፍሎ ለአንዱ የደረሰው ድርሻ ነው። እንኳን አምፖል ሊያበራ፣ መኖሩን ለማወቅም የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ በሩ ገጭ ሲል ይደነግጣል።

ቮልቴጅ ብቻውን አይበቃም። ክኒኑን በአራት መርፌ ወግተን ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እንለካለን፤ ሙቀትስ ምን ያህል ያሳልፋል ብለን እንደገና እንለካለን። ጥሩ ዕቃ ኤሌክትሪኩን እያሳለፈ ሙቀቱን የሚይዝ ነው። ዘመድ የሚያስገባ፣ ሌባ የሚመልስ በር በሉት። እንዲህ ያለ በር በሰው ቤትም በቀላሉ አይገኝ።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት መጋጠሚያን ነበር። "ሁለት ዓይነት ብረት በተገናኘበት ቦታ ሁሉ ሙቀት ካገኘ ቮልቴጅ ይወልዳል" ይሉኝ ነበር። "ክኒኑ የወለደውን ከመጋጠሚያው ልጅ መሣሪያው አይለይልሽም፤ ሁለቱንም ደምሮ ይነግርሻል።" ስለዚህ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙት በአንድ ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ እኩል ሙቀት ላይ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ከረዳት ወደ ቴክኒሻን፣ ከቴክኒሻን ወደ ከፍተኛ ቴክኒሻን አደግሁ፤ ወንበሬ ግን ያው ሦስት እግሩ ብቻ ጤነኛ የሆነው ወንበር ነው።

ዶክተር ያሬድ የመጡት ከጋሽ ታደሰ በኋላ ነው። የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ፣ ድምፃቸው ከግቢ ማዶ የሚሰማ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሆነው ሲመደቡ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ይኮራብናል ብለን ነበር። የምን ኩራት! ጠዋት ሲገቡ ከጥበቃው ጀምረው እያንዳንዱን ሰው በእጅ ሳይጨብጡ ጠረጴዛቸው ጋ አይደርሱም። ልጅ ደህና? እናት ደህና? ያ ያመማት ላም ተሻላት? የኔን አባት ላም እንኳ በስሟ ያውቋታል።

እርግጥ እዚህ አገር ሰላምታ የሁሉም ሥራ ነው። ከሂሳብ ክፍል፣ ከንብረት ክፍል፣ ከግቢ አትክልተኞች ጠዋት እኛ ጋ ብቅ የማይል የለም። ሳይጨብጡ ማለፍ ነውር ነው። እጅ ለመጨበጥ ደግሞ መግባት ያስፈልጋል፤ ከገቡ ወዲያ መቆም ይመጣል፤ የቆመ ሰው ጨዋታ አያጣም።

ሐዋ የመጣችው በአንድ የግንቦት ቀን ነው፤ ዝናቡ ጀማምሯል። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፣ በብሔሯ ቤርታ፤ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሚሆናትን ክኒን ሠርታ ለመለካት ነበር የመጣችው፤ አማካሪዋም ዶክተር ያሬድ ናቸው። ክኒኑ ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ላይ ጥቂት አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ነው። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ምድጃ ጎን ተለጥፎ ከሚባክነው ሙቀት ለአንዲት ትንሽ አምፖል የሚበቃ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነገር መሥራት።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለተማሪዎቼ። መብራት የሌለበት ቀበሌ ብዙ ነው፣ እትዬ የሺ። እሳት ግን የሌለበት ቤት የለም" አለችኝ። በዚያች ቀን ወደድኳት።

ጊዜዋ ግን አጭር ነበር። ወረዳው የሰጣት የትምህርት ፈቃድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያልቃል። ያኔ ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለው በግልጽ ነግረዋታል። ፈታኙ ፕሮፌሰር ከአዲስ አበባ የሚመጡት ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ አንዴ ብቻ ነው፤ ያ ካለፈ ዲግሪው ሌላ ዓመት ይጠብቃል፣ ሌላ ዓመት ደግሞ ፈቃድ የለም። እሷ በሌለችበት ፊዚክሱን የያዘው የስፖርት መምህሩ ነበር። "ልጆቹ የስበትን ሕግ በከፍታ ዝላይ ነው የሚማሩት" እያለች ትስቃለች። ሳቋ ውስጥ ጭንቀቱ ይታየኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰመረ። ሐዋ ዱቄቱን በሙቀጫ ስትወቅጥ እጇ አይደክማትም። ፕሬሱ ላይ ጨምቃ፣ ምድጃ ውስጥ ጋግራ፣ ክኒኖቿን በጥጥ ጠቅልላ ታመጣቸዋለች። የመጀመሪያውን ክኒን ጠዋት ለካነው። ቁጥሩ ሲወጣ ዶክተር ያሬድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት። ከጠበቅነው በላይ ነበር። "ሐዋ! ይኼማ አምፖል ብቻ አይደለም፣ ሬዲዮም ያናግራል!" አሉ።

ያንኑ ክኒን ከሰዓት ብንለካው በአንድ አምስተኛ ያህል ወርዶ አገኘነው። በማግስቱ ጠዋት ከፍ፤ ከሰዓት ዝቅ። ሌላ ክኒን አሰርን፤ እሱም ጠዋት ጎበዝ፣ ከሰዓት ሰነፍ። "ይኼ ክኒን የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንዴ?" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓቱን ማከም ጀመርን። ዶክተር ያሬድ እርጥበት ነው አሉ፤ ከሰዓት ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋላ። ክኒኖቹን እርጥበት መጣጭ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ዘጋንባቸው። ለውጥ የለም። እኔ በበኩሌ መስመሩ ነው አልኩ፤ ከሰዓት ከተማው ሁሉ ሲጠቀም ኃይሉ ይዋዥቃል። ስታቢላይዘሩን ቀየርኩ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው የኤርዝ ዘንግ ላይ ጨው በውኃ በጥብጬ አፈሰስኩ፣ ገመዱን ሁሉ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ለውጥ የለም።

ሐዋ ምስኪን ጥፋቱን ራሷ ላይ አደረገችው። "በደንብ አልጋገርኩት ይሆናል፤ ሲሞቅ ሲሞቅ ይሰነጠቃል" አለችና ክኒኖቹን እንደ አዲስ ሠራቻቸው። ይኼ ሁሉ ሲሆን ቀኑ ይሄዳል። ሐምሌ ገባ። ዶክተር ያሬድ የጠዋቱን ቁጥር ለማዕከሉ ዳይሬክተር ነግረዋል፤ ለፈታኙም ባጭሩ ተጽፎ ተልኳል፤ ኮሪደሩ ላይም በትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። የቀረችን አንዲት ነገር ከሰዓቱን እንደ ጠዋቱ ማድረግ ብቻ ነበረች።

በዚህ መሐል ዶክተር ያሬድን ጉንፋን ጣላቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው ሲታመም ማየት ያሳዝናል። ቢሮ መቅረትን አይወዱም፤ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ይመጡና የላቦራቶሪው በር ላይ ይቆማሉ። "እንዳላስይዛችሁ፣ አልገባም" ይላሉ በተዘጋ ድምፅ። ከሩቅ እጅ ነስተው ወደ ቢሮአቸው ይሄዳሉ። የእሳቸውን አይቶ ሌላውም ሰው ጉንፋኑን ፈርቶ ቀረ።

በዚያ ሳምንት ጠዋቱም ወረደ።

ጠዋት ለካን፣ ዝቅ። ከሰዓት ለካን፣ ያው ዝቅ። "ጉድ ፈላ፣ በሽታው ወደ ጠዋቱ ተዛመተ!" አልኩ። ሐዋ ክኒኑን አውጥታ በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አየችው፤ ስንጥቅ የለውም። መልሳ በጥጥ ጠቅልላው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "እትዬ፣ ኸላስ። አለቀልኝ" አለች። "ዝም በይ! ምን አለቀ? ገና ሐምሌ ነው" ብዬ ተቆጣኋት፤ እኔ ስጨነቅ እቆጣለሁ።

ዶክተር ያሬድ ድነው የገቡበት ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ክኒኑ ታስሯል፣ ማሞቂያው በርቷል፣ ሐዋ ስክሪኑ ፊት ነች። በሩ ብርግድ አለ። "እንዴት ሰነበታችሁ! ናፈቃችሁኝ እኮ! የሺ፣ አባትሽ ደህና ናቸው? ላሟስ? ሐዋ፣ መንጌ ሁሉ ሰላም?" ቀኝ እጃቸው እጄን ይዞ ይወዘውዛል። የሳምንቱ ሰላምታ ተጠራቅሞ ስለነበር ቶሎ የሚያልቅ አልሆነም።

ሰላምታው መሐል ላይ ስክሪኑን በጎን አየሁት። ቁጥሩ እየወጣ ነው! ወጣ፣ ወጣ፣ የድሮው የጠዋት ቦታው ደረሰ። እልል አልኩ። የምሬን ነው፣ እንደ ሠርግ ቤት። "ተመለሰ! ዶክተር፣ እግርዎ ይባረክ፣ በረከት ይዘው መጡ!"

ሐዋ ግን እልል አላለችም። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ የዶክተር ያሬድ ግራ እጅ ላይ ነበር። ያ ግራ እጅ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አርፏል። በሩ አጠገብ፣ ወገብ ድረስ በሚመጣ መደርደሪያ ላይ፣ የገባ ሰው ሁሉ የሚደገፈው የብረት ሳጥን አለ። የመጋጠሚያው ሳጥን።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎን ያንሱት" አለች።

"ከምኑ?"

"ከሳጥኑ።"

አነሱት። ቁጥሩ ጥቂት ቆየና መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ የከሰዓት ቦታው ደርሶ ቆመ።

"አሁን ይመልሱት።"

መለሱት። ወጣ።

"ወላሂ፣ እጅዎ ነው" አለች ሐዋ።

እኔም ሄጄ እጄን ጫንኩ፤ የኔ ቀዝቃዛ ነውና ቁጥሩን ብዙም አላነቃነቀውም። የዶክተር እጅ ግን እሳት ነው። እሳቸው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። "እንግዲህ እኔ ነኛ የምርምሩ ውጤት!" አሉ። ከዚያ ሦስታችንም ሳቃችን አምልጦን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነበር። ጠዋት የሚገባው ሁሉ በቀኙ ይጨብጣል፣ በግራው ሳጥኑን ይደገፋል፤ ከዶክተር በኋላ የሂሳብ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ከሷ በኋላ አትክልተኛው። ሁሉም የሚነኩት ለበሩ የቀረበውን ያንኑ ጎን ነው። ክረምት ነው፣ ሳጥኑ ቀዝቃዛ፣ እጁ ሙቅ። አንዱ ጎን ሲሞቅ መጋጠሚያው የራሱን ቮልቴጅ ይወልድና በክኒኑ ላይ ይደመራል። ከሰዓት ዝናብ ስለሆነ የሚመጣ ሰው የለም፤ ሳጥኑን የሚነካ እጅ የለም።

ሳቁ በአንዴ አይደለም የቆመው፤ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ቀድማ መሳቅ ያቆመችው ሐዋ ናት። "ስለዚህ ትክክለኛው የከሰዓቱ ነው" አለች። "ጥሩው ቁጥር የኔ ክኒን አልነበረም።"

ያ ሁሉ ድካሟ፣ ያ ሁሉ ፖስተር። እንደገና ለመለካት ክኒኖቹን በሙሉ ከመጀመሪያው መጀመር ያስፈልጋል፤ ነሐሴ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ከሰዓት ብቻ እየለካን እንድረስ ብንል መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ከሰዓት ነው። የተላከው ተልኳል፤ ማንም ሳያውቅ በጠዋቱ ቁጥር መቅረብም ይቻል ነበር። ያን ሦስታችንም አሰብነው፤ ፊታችን ላይ ይነበብ ነበር።

"አይሆንም" አለች ሐዋ ማንም ሳይጠይቃት። "ተማሪዎቼ ነገ ይህን ሠርተው ምድጃ ላይ ሲለጥፉት አምፖሉ ባይበራ ምን እላቸዋለሁ? የዶክተር ያሬድ እጅ ስለሌለ ነው ልበላቸው?"

ዶክተር ያሬድ ተነስተው ወጡ። ተከትያቸው ብወጣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አቁመው ፖስተሩን በገዛ እጃቸው ሲያወርዱ አገኘኋቸው። "ለዳይሬክተሩ ራሴ እነግራለሁ፤ ለፈታኙም ራሴ እጽፋለሁ" አሉኝ። "አንቺ ሰው እንዳይገባ አድርጊ።"

ሰው እንዳይገባ ማድረጉ ለኔ ነው የተሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። በትልቅ ወረቀት "ሰላምታ ክልክል ነው" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

ምነው ባልለጠፍኩ! የሂሳብ ክፍሏ እንባ አቅርራ መጣች። "የሺ፣ ምን በድዬሽ ነው?" አትክልተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ሳያየኝ አለፈ። ዳይሬክተሩ አስጠርተው "ከግቢው ሰው ጋር ተጣልተሻል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ባምባሲ ያለችው አክስቴ ሳትቀር ደወለች፤ "ሰው ሰላም አይበለኝ ብለሻል አሉ፣ አሞሻል ልጄ?" አለችኝ። ወሬው ባምባሲ በማን አፍ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከጉዱ ያወጡን የግቢው ጥበቃ አቶ ሙሳ ናቸው። "ሰላምታ መከልከል ሐራም ነው" አሉኝ። "ሰላምታ ከልካይ አትሁን። ቦታ ስጠው።" አፋቸውን የፈቱት በቤርታኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያዛሉ። ከቀርከሃ የተሠራ አግዳሚ አምጥተው በረንዳው ላይ፣ ከበሩ ወዲያ አኖሩት። ወረቀቴን ገነጠልኩና ሰላምታውን ወደዚያ አዛወርነው። ጠዋት የሚመጣው ሰው አግዳሚው ጋ ይቆማል፣ እኛ እየወጣን እንጨብጣለን፣ ልጅና ላም እንጠያየቃለን። መግባት ለማይቀርለት ሰው አቶ ሙሳ "እዚህ ጨርስ፣ ከዚያ ትገባለህ፤ እጅ ኪስ ውስጥ" ይሉታል። ዶክተር ያሬድ ከሁሉ ሰው ቀድመው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሲገቡ አየኋቸው፤ እንደ ተማሪ።

ሳጥኑንም ከመደርደሪያው አወረድነው። ሐዋ ከአሶሳ ገበያ ወፍራም የሸክላ ማሰሮ ገዝታ መጣች። ደረቅ አሸዋ ሞልተን ሳጥኑን መሐል ላይ ቀበርነው፤ ማሰሮውን ደግሞ ከበሩ ርቆ ግድግዳ ሥር አስቀመጥነው። አሸዋው ሙቀቱን እኩል አድርጎ ይይዛል፤ በድንገት አያሞቀውም፣ በድንገት አያቀዘቅዘውም። ማሰሮውን ንብረት ክፍል ለማስመዝገብ ቅጽ ስሞላ ሠራተኛው "ላቦራቶሪ ነው ወይስ ወጥ ቤት?" ብሎ ሳቀብኝ። "ወጥ ቤት ቢሆን ኖሮ ምሳ ትጋበዝ ነበር" አልኩት።

ከዚያ ሥራ ሆነ። የሙቀቱን ልዩነት ትንሽ፣ ትንሽ እየጨመርን በየደረጃው እናነባለን፤ ጠዋት እናነባለን፣ ከሰዓት እናነባለን። መብራት ሲጠፋ ክኒኑ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅና እንደገና ከታች እንጀምራለን። ሐዋ መጠበቅ ስትሰለች የምትወደውን ዘፈን ለራሷ ታንጎራጉራለች። ጠዋቱና ከሰዓቱ አንድ ሆኑ። ዝቅ ያሉ ግን አንድ ዓይነት ቁጥሮች። የመጨረሻው ክኒን የተለካው ፈታኙ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ፕሮፌሰሩ አጭር፣ ኮስተር ያሉ፣ በቀስታ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሐዋ ገለጻዋን ስትጨርስ ወረቀታቸውን አገላበጡ። "መጀመሪያ የተላከልኝ ቁጥር ከዚህ ከፍ ያለ ነበር። ዶክተር ያሬድ ጽፈውልኛል፤ ካንቺ አፍ ልስማው። ምነው ወረደ?" አሉ።

"አልወረደም፣ መምህር" አለች ሐዋ። "መጀመሪያ የለካነው የእጃችንን ሙቀት ጨምረን ነው።" ሁሉንም ነገረቻቸው፤ በሩን፣ ሳጥኑን፣ ሰላምታውን። አዳራሹ መሳቅ ጀመረ።

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። "ታዲያ ይህን ማን አገኘው?"

"የዶክተር ያሬድ ጉንፋን" አለች። ያኔ አዳራሹ ፈነዳ፤ ዶክተር ያሬድ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ሳቁ ሲበርድ ፕሮፌሰሩ "በዚህ ቁጥር ያሰብሽው አምፖል ይበራል?" አሉ።

"መጀመሪያ ባሰብነው ልክ አይበራም። ተጨማሪ ክኒን ይፈልጋል፤ ምድጃው ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ስንት እንደሚጨመር ግን አሁን አውቃለሁ" አለች።

ፕሮፌሰሩ ተነሱ። "እኔ ራሴ ልለካው" አሉ። ላቦራቶሪ ገቡና በሩን ዘጉ። እኛ በረንዳው ላይ ቀረን፤ ሐዋ አግዳሚው ላይ፣ ዶክተር ያሬድ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ እኔ የሁለቱንም ጭንቀት ደርቤ። ዝናቡ መጣ። ሐዋ በሹክሹክታ ዱዓ ታደርጋለች። "ምሳ አልበላሽም" አልኳት፤ ሌላ የምለው አጥቼ ነው። "እትዬ፣ ብበላስ የት ይገባል?" አለችኝ።

በሩ ተከፈተ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ያው ነው" አሉ።

ሐዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዶክተር ያሬድ አቅፈው ከመሬት ሊያነሷት ምንም አልቀራቸው፤ ነውር መሆኑ ትዝ ሲላቸው በምትኳ እኔን አነሱኝ። እኔም በደስታ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ውጤቱ በዚያው ቀን ተነገራት፤ በጥሩ ማዕረግ አለፈች።

ትምህርት ቤት ሳይከፈት መንጌ ገባች። ስትደውልልኝ የስፖርት መምህሩ ፊዚክሱን አስረክቦ ወደ ሜዳው ሲመለስ ደስታው ከልጆቹ ደስታ በለጠ አለችኝ። አሁን ተማሪዎቿን ይዛ የክኒን ምድጃ እየሠራች ነው፤ የጎደላትን ሽቦ እየገዛሁ በአውቶቡስ እልክላታለሁ።

ወጣት ቴክኒሻኖች ሲመደቡልኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ያን ክረምት የከሰዓቱን ቁጥር ስንመረምር ከረምን፤ እርጥበቱን፣ መስመሩን፣ ዳቦ እንደሚፈትሽ ሰው ጋገራውን ሳይቀር መረመርን። ጠዋቱን ግን አንድ ቀን አልመረመርነውም፤ ደስ ብሎን ነበራ። ደስ ያላችሁን ቁጥር መርምሩት።